ጋላክሲያችን ሰው ጎድሎታል፣ ኑ አብረን እንጫወት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው፣ ጋዜጣችሁን ፒያሳ ከአዟሪ እየገዛሁ ነው የማነበው፣ የአንባቢያን ደብዳቤ ያለበትን ገጽ ደግሞ ሁሌም ከሁሉ አስቀድሜ ነው የምገልጠው። ሰሞኑን አንድ አባት ጌም ልጆቻችንን ከትምህርትም ከሥራም አውጥቶ ጨረሰብን ብለው በምሬት የጻፉትን አነበብኩ። እሳቸውን ልቃወም አይደለም ብዕር ያነሳሁት፣ ያሉት ነገር እኮ በየሰፈሩ የምናየው ነው፣ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲተኩስ ያድራል፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ከዛ ባሰ ደግሞ ቤቲንግ ቤት ተሰልፎ የቁርሱን ብር በማያውቀው የአውሮፓ ቡድን ላይ ያስይዛል። ግን አባታችን ሁሉንም ጌም በአንድ ቋት ከተቱት። እኔና ጓደኞቼ የምንጫወተው ሌላ ዓይነት ጌም አለ፣ ስለሱ ልንገራችሁና በዛውም አንባቢዎቻችሁን ልጋብዝ ነው የመጣሁት፣ ምክንያቱም አዲስ ጨዋታ ልንከፍት ነው፣ ሰው ደግሞ ጎድሎናል።

ጌሙ በዙር በዙር የሚጫወቱት የጠፈር ስትራቴጂ ነው። መነሻው በፈረንጆቹ 1992 ቲም ዊስማን የሚባል አሜሪካዊ የሠራው ቪጂኤ ፕላኔትስ ነው፣ ያኔ ሰዎች የተራቸውን ፋይል በፍሎፒ ዲስክና በስልክ መስመር እየተላላኩ ነበር የሚጫወቱት፣ ዛሬ ግን በብሮውዘር ይከፈታል፣ ፕላኔትስ ዶት ኤንዩ ነው የሚባለው፣ ምንም ነገር መጫን አያስፈልግም፣ መሠረታዊው ጨዋታ ደግሞ በነፃ ነው። ሙሉ ጋላክሲ 500 ፕላኔት አለው፣ ተጫዋቹ 11 ነው፣ እያንዳንዱ የራሱ ዘር፣ የራሱ መርከብ፣ የራሱ ብልሃት ይዞ ከአንዲት እናት ፕላኔት ይነሳል፣ ከዛ በኋላ ማስፋት፣ መገንባት፣ መደራደር፣ መዋጋት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁጭ ብለህ ለመርከቦችህና ለፕላኔቶችህ ትዕዛዝ ትሰጣለህ፣ ይቺ ወደዚያ ትሂድ፣ ያቺ ማዕድን ትጫን፣ እዚህ ግብሩ ይቀነስ፣ እዚያ ፋብሪካ ይሠራ፣ ስትጨርስ ትልካለህ። ሌሎቹ አስሩም በየቤታቸው እንደዛው ያደርጋሉ፣ ማንም የማንንም ትዕዛዝ አያይም። ሰዓቱ ሲደርስ ሰርቨሩ፣ የጌሙ ዋና ኮምፒውተር ማለት ነው፣ የሁሉንም ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ያስኬደዋል፣ ከዛ ተመልሰህ ስትከፍት ምን እንደተፈጠረ ታያለህ፣ ይሄን አንዱን ዙር ነው እኛ ተራ የምንለው። ጣት የፈጠነ አያሸንፍም፣ ኢንተርኔቱ የፈጠነም አያሸንፍም፣ ያሰበ ነው የሚያሸንፈው።

ይሄ ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም እኮ። የኛ የጥንቱ ሰንጠረዥ፣ በየቤተመንግሥቱና በየመኳንንቱ ቤት ይጫወቱት የነበረው፣ ከፈረንጁ ቼዝ የሚለየው በአጀማመሩ ነው፣ ወረራ የሚባል ነበረው። ወረራ ላይ ተራ መጠበቅ የለም፣ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ መደቆቻቸውን፣ የፊት ወታደሮቹን ማለት ነው፣ እና ፈረሶቻቸውን እያንቀሳቀሱ ሰልፋቸውን ያሰናዳሉ፣ እጅህ የራስህ ላይ ዓይንህ የሱ ላይ ነው፣ የመጀመሪያው መብላት ሲመጣ ነው ተራ በተራ የሚሆነው። የኛ ጌም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልክ ይሄ ናቸው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እየተሰናዳ፣ ጎረቤቱ ምን እንደሚያስብ እየገመተ። የድሮው ሰንጠረዥ ከሰው እጅ ጠፍቶ በመጽሐፍ ብቻ መቅረቱ ሁሌም ያንገበግበኛል፣ ወረራን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ካሉ በዚሁ ጋዜጣ ቢጽፉልን ደግሞ እንዴት ደስ ባለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ይሄ ጌም ለኛ ኑሮ የተሠራ ነው የሚመስለው። እዚህ መብራት ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ለጎንደር ሰው አልነግርም፣ ዳታም እንደዛው፣ አንዳንዴ አለ አንዳንዴ የለም፣ ወራት ሙሉ ተዘግቶ የከረመበትንም ጊዜ አሳልፈናል። በዚህ ሁኔታ ሌላ የኦንላይን ጌም መጫወት ልብ ማድረቅ ነው፣ ልትተኩስ ስትል ኔትወርኩ ይቆማል፣ ሲመለስ ሞተህ ታገኘዋለህ፣ ጓደኛህ አዲስ አበባ ላይ ጥሩ ዋይፋይ ስላለው ብቻ ይበልጥሃል። እኛ ግን ሳምንት ውስጥ ሁለት ተራ ብቻ ነው የምንጫወተው፣ ሰኞና ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው የሚዘጋው፣ በመሀል ባለው ጊዜ የፈለግህበት ሰዓት ገብተህ ትዕዛዝህን ሰጥተህ ትወጣለህ። ማክሰኞ መብራት ከሌለ ረቡዕ ትጫወታለህ። ቤት ከሌለ ካፌ ትጫወታለህ። ሐሳቡን ደግሞ ወረቀት ላይ መሥራት ትችላለህ፣ እኔ ካርታውን በደብተር ስዬ ነው የማስበው፣ ሻማ አብርቼ ሁሉን ጨርሼ አስቀምጥና ኔትወርክ ሲመጣ መንካት ብቻ ነው የሚቀረኝ። ዳታውም ቢሆን ቪዲዮ ከማየት ጋር አይገናኝም፣ በጣም ትንሽ ነው የሚወስደው።

ውስጡ ምን አለ ለሚል ሰው ትንሽ ላሳይ። የመርከብ ፍጥነት ዋርፕ ይባላል፣ በአንድ ተራ የምትሄደው ርቀት የዋርፑ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ነው፣ ዋርፕ 5 ከሆንክ 25 የብርሃን ዓመት፣ ዋርፕ 8 ከሆንክ 64፣ ዋርፕ 9 ከሆንክ 81። እና እንበል 160 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ማዕድን የሞላበት ፕላኔት አገኘህ፣ በዋርፕ 9 በሁለት ተራ ትደርሳለህ፣ በዋርፕ 8 ግን ሦስት ተራ ያስፈልግሃል፣ ጎረቤትህ ደግሞ ያቺኑ ፕላኔት እያየ ነው። ታዲያ ሁሉንም መርከብ ዋርፕ 9 ለምን አላደርገውም ትል ይሆናል፣ ሞተሩ ውድ ነዋ፣ በርካሽ ሞተር ደግሞ ዋርፕ 9 ብትሄድ ነዳጁን ጥርግ አድርጎ ነው የሚጨርሰው፣ ጭነቱ በከበደ ቁጥር ነዳጁ ይጨምራል፣ ነዳጅ ጠፈር መሀል ካለቀብህ ደግሞ መርከቧ እዛው ትቆማለች፣ መዋጋትም አትችልም። ነዳጁ ኒውትሮኒየም ይባላል፣ ከሱ ሌላ ሦስት ማዕድን አለ፣ ዱራኒየም፣ ትሪታኒየም፣ ሞሊብደነም፣ አንዱ ሞልቶህ ሌላው ይጎድልሃል፣ የጎደለህ ያለው ደግሞ ሁሌም ጎረቤት ጋ ነው።

ፕላኔቶቹ ላይ ነባር ሕዝብ ይኖራል፣ ሁሉም አይደሉም ግን ብዙዎቹ። ግብር ትጥልባቸዋለህ፣ በዛ ገንዘብ ነው መርከብ የምትሠራው። ግብሩን ከፍ ካደረግህ ደስታቸው ይወርዳል፣ በጣም ከወረደ ይረብሻሉ፣ ፕላኔቷ ከጥቅም ውጪ ትሆንብሃለች። ዝቅ ካደረግህ ደስ ብሏቸው ይኖራሉ፣ አንተ ግን ባዶ ካዝና ይዘህ ትቀራለህ። አንዳንዱ ለጥቂት ተራ ግብር ጥሎ ከዛ ደግሞ አሳርፎ ደስታቸው እንዲመለስ ይጠብቃል፣ አንዳንዱ ሁሌም በትንሹ ይሰበስባል፣ የቱ ይሻላል በሚለው እስካሁን ተስማምተን አናውቅም። አሞርፈስ የሚባሉ ደግሞ አሉ፣ ግብር አይከፍሉም፣ ጭራሽ ያሰፈርክባቸውን ሰው ይበሉታል፣ እነሱ ያሉበትን ቦታ በሩቁ ማለፍ ነው። እኔ ኢኮኖሚክስ አልተማርኩም ግን ስለ ግብርና ስለ ዕቃ ማመላለስ ከዚህ ጌም የተማርኩትን ያህል ከየትም አልተማርኩም።

ዘሮቹ ደግሞ አንዱ ከሌላው ፈጽሞ አይገናኙም። ወፎቹ ተሰውረው ነው የሚሄዱት፣ ራስህ ላይ እስኪቆሙ አታያቸውም። ክሪስታሎቹ ጠፈር ላይ ድር ይዘረጋሉ፣ የገባበትን መርከብ ነዳጁን ይመጥጡታል። ሳይቦርጎቹ፣ ግማሽ ሰው ግማሽ ማሽን የሆኑት፣ ነባሩን ሕዝብ ወደራሳቸው ይቀይሩታል። ሊዛርዶቹ ማዕድን በማውጣትና በእግረኛ ውጊያ የሚችላቸው የለም። ፌዴሬሽኑ ግብር መሰብሰብ ያውቅበታል። ከሁሉም ግን እኔን የሚገርመኝ ፕራይቬቲሮቹ ናቸው፣ እኛ ሽፍቶቹ ነው የምንላቸው።

ስለ ሽፍቶቹ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ባለፈው ጨዋታ ሽፍቶቹን የያዘችው የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት፣ ፌዴሬሽኑን የያዘው ደግሞ የሂሳብ መምህር ነው። መምህሩ ስንት ተራ ማዕድን አጠራቅሞ ትልቅ የጦር መርከብ ሠራና ወደሷ ግዛት መጣ፣ የሷ መርከቦች ትንንሽ ናቸው፣ ፊት ለፊት ብትገጥመው አንድ ቀን አትቆምም። እሷ ግን አልገጠመችውም። የሱን መንገድ በካርታ ለካች፣ ያ ትልቅ መርከብ በሚሄድበት ፍጥነት የት ጋ ነዳጅ ለመቅዳት እንደሚቆም አሰላች፣ እዛች ፕላኔት ላይ ትንንሾቹን መርከቦቿን ሰውራ ጠበቀችው። መጥቶ ቆመ፣ ሐሙስ ማታ ትዕዛዝ ላከች፣ የሽፍቶቹ ልዩ ችሎታ መዝረፍ ነው፣ ነዳጁን ከነጋኑ ቀዱት። መምህሩ አርብ ጠዋት ሲከፍት መርከቡ ሙሉ ጤነኛ ነው፣ መሣሪያው ሙሉ ነው፣ ነዳጁ ዜሮ ነው። በሚቀጥለው ተራ ጎትታ ይዛው ሄደች፣ የሷ ጎታች መርከቦች ከሌላው እጥፍ ርቀት ነው የሚሄዱት፣ የጦር ሰፈሯ ላይ ስታደርሰው እጅ ሰጠ፣ አንድ ጥይት ሳይተኮስ የጎንደር ትልቁ መርከብ የሷ ሆነ። መምህሩ ተናዶ ተወ እንዳትሉ፣ ይሄን ታሪክ ሲያወራው አይጠግብም፣ ተማሪዎቹን የርቀትና የፍጥነት ትምህርት የሚያስተምርበት ምሳሌ አድርጎታል።

ሌላው ነገር መነጋገሩ ነው። ብቻውን የሚያሸንፍ የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚ መልዕክት መላላክ አለ፣ ድንበር መካለል አለ፣ እስከዚህ ያንተ ከዚህ የኔ፣ ሞሊብደነም ስጠኝ መርከብ ልሥራልህ፣ በዚህ በኩል ፈንጂ አትቅበር፣ እንደዛ እያልን ነው የምንኖረው። ቃሉን የሚጠብቅና የማይጠብቅ ሰው ቶሎ ይለያል። ከኛ ውስጥ የባጃጅ ሹፌር አለ፣ ማራኪ አካባቢ ተሳፋሪ ሲጠብቅ በስልኩ ድርድር የሚጽፈው እሱ ነው፣ ከሁላችንም የበለጠ ዲፕሎማት ወጥቶታል፣ ሁለት የተጣሉ ጎረቤቶችን አስታርቆ ሦስተኛው ላይ ያዘመተው እሱ ነው። እሱና መምህሩ በዚህ ጌም ባይሆን በምን ይተዋወቁ ነበር። ደባርቅ ያለ ልጅ አለን፣ ባሕር ዳር ያለች አለች፣ መንገዱ እንደልብ በማይሆንበት ጊዜ እንኳ በሳምንት ሁለቴ ደህንነታችንን የምናውቀው ትዕዛዝ በመላካችን ነው፣ አንዱ ተራ ካለፈው ወዲያው እንደዋወላለን ምነው ደህና ነህ ወይ ብለን። ለኔ የጌሙ ትልቁ ነገር እሱ ነው፣ እውነቴን ነው።

ጠፈር ለኛ ምናችን ነው የሚል ሰው ይኖራል፣ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1ን ከቻይና አምጥቃለች፣ እንጦጦ ላይ የኮከብ መመልከቻ አለን፣ በዛው በታኅሣሥ ወር ደግሞ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለአገሮች ሁሉ አንዳንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይሙ ዕድል ሰጥቶ በኢትዮጵያ የተመረጠው ስም ጸድቋል፣ ኮከቡ ቡና ፕላኔቱ አቦል ተብለዋል፣ አንድሮሜዳ በሚባለው የኮከብ ስብስብ ውስጥ ነው ያሉት፣ ከኛ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃሉ። ይሄን ለልጆች ስነግራቸው ዓይናቸው ሲበራ ማየት ነው። በኛ ጨዋታ ደግሞ ነርሷ መርከቦቿን ቶናና በረካ ብላ ሰይማቸዋለች፣ አቦል ቀድሞ ተይዟል ብላ።

አሁን ሕጋችንን ልንገራችሁ፣ ብዙ አይደለም። ገንዘብ ማስያዝ በጭራሽ የለም፣ አንድ ብርም ቢሆን። ስድብ የለም፣ የብሔርና የፖለቲካ ጣጣ እዛ አይገባም፣ የምንዋጋው በሊዛርድና በሮቦት ነው ይበቃል። ከሁሉም በላይ ግን የማልደራደርበት አንድ ነገር አለ፣ ጥሎ መሄድ። ጨዋታው ወራት ይፈጃል፣ ሰው መጀመሪያ በጉጉት ይገባል፣ ከዛ ሲሸነፍ ወይ ሲሰለቸው ዝም ብሎ ይጠፋል፣ ይሄ የሚጎዳው እሱን ሳይሆን ሌላውን ነው። አንድ ሰው ሲጠፋ ፕላኔቶቹ ያለ ጠባቂ ይቀራሉ፣ ከጎኑ ያለው ገብቶ ያለ ውጊያ ጠቅልሎ ይወስዳቸዋል፣ በአንዴ እጥፍ ይሆናል፣ በሌላ በኩል ለወራት ተጠንቅቆ የሠራው ሰው ምንም ሳያጠፋ ይዋጣል፣ እንደዛ የተበላሸ ጨዋታ አይቻለሁ ልብ ነው የሚሰብረው። ስለዚህ ፈተና የደረሰበት፣ ሥራ የበዛበት፣ ሐዘን የገጠመው ሰው ቀድሞ ይንገረን፣ ተተኪ እንፈልጋለን፣ ዘሩን ተቀብሎ የሚይዝለት ሰው አይጠፋም፣ ማፈር የለም። እየተሸነፉ መጫወትም ቢሆን የራሱ ደስታ አለው፣ ሦስት ፕላኔት ብቻ ቀርቶት የሁለት ኃያላንን ጦርነት አቅጣጫ የቀየረ ተጫዋች አለን።

እንግሊዝኛ አልችልም ለምትሉ አትስጉ፣ ጌሙ በእንግሊዝኛ ነው ግን የሚደጋገሙት ቃላት ጥቂት ናቸው፣ እኔ የጀማሪ መመሪያ በአማርኛ ጽፌያለሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ተራዎች ደግሞ አንድ ነባር ተጫዋች አብሮ ተቀምጦ ያሳያችኋል። ላፕቶፕ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ካርታው በትልቅ ስክሪን ነው የሚመቸው፣ ከሌለ ግን ከኛ ውስጥ ሁለቱ አንድ ላፕቶፕ በጋራ ነው የሚጠቀሙት፣ ጠላቶች ናቸው ደግሞ፣ አንዱ ሲጫወት ሌላው ውጪ ወጥቶ ይጠብቃል። ዕድሜ አንመርጥም። ጡረታ የወጡ፣ ሰንጠረዥና ዳማ የለመዱ አባቶችና እናቶች ቢመጡልን በተለይ ደስ ይለኛል፣ ትዕግሥቱ እነሱ ጋ ነው ያለው። ደብዳቤውን የጻፉት አባትም ቢሆኑ፣ ይህን ካነበቡ፣ ከልጃቸው ጋር ቢገቡ ወንበር አለ፣ አንድ ዘር ለሁለት መያዝ ይቻላል፣ ለልጁ መርከቡን ለርሳቸው ግብሩን ትተን።

አዲሱ ጋላክሲ የሚከፈተው ከመስቀል በኋላ ባለው ሰኞ ነው። ከ11ዱ ስድስቱ ተይዘዋል፣ ያልተያዙት ወፎቹ፣ ክሪስታሎቹ፣ ሮቦቶቹ፣ ሬበሎቹና ኮሎኒዎቹ ናቸው። ለጀማሪ ሮቦቶቹን እመክራለሁ፣ ፈንጂ መቅበር ከሌላው አራት እጥፍ ይችሉበታል፣ ግዛትህን አጥረህ ቀስ ብለህ ለመማር ጊዜ ይሰጥሃል፣ ክሪስታሎቹን ግን ልምድ ያለው ሰው ቢይዛቸው ይሻላል። አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ፣ መጫወት የምትፈልጉ ስማችሁንና የምትፈልጉትን ዘር ጽፋችሁ በነሱ በኩል ላኩልኝ፣ ሁለት ሰው አንድ ዘር ከፈለገ ዕጣ እናወጣለን። ጎንደር ያላችሁ እሁድ ከሰዓት ፒያሳ እንገናኝና መመሪያውን በእጃችሁ እሰጣችኋለሁ፣ ሌላ ቦታ ላላችሁት በቴሌግራም እልካለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከጎንደር